ሁለት ቢሮዎችን በፒቢኤክስ አገናኝቶ በኤክስቴንሽን ቁጥር በቀጥታ ለመደዋወል፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

«አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሯችንና ሐዋሳ ያለው ቅርንጫፋችን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፒቢኤክስ አላቸው፤ ሠራተኛው በውጭ መስመር መደወሉን ትቶ ሦስት አሃዝ ብቻ በመንካት የሌላውን ቢሮ ሰው ማግኘት ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚቀርብልኝ፣ በስልክ ደጋግሜ ከማስረዳት በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥሁ። መልሱ አዎን ነው። ፒቢኤክስ የቢሮ ውስጥ የስልክ ማዕከል ነው፤ ኤክስቴንሽን ደግሞ በእሱ ሥር ያለ የእያንዳንዱ ስልክ አጭር ቁጥር ነው። ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ትራንኩ ተገናኝቷል ይላል፤ ስደውል ግን ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም ይለኛል» ይላሉ። ትራንክ ሁለቱን ፒቢኤክሶች የሚያገናኘው የጥሪ መስመር ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ከዚህ በታች ተመልሰዋል።

መመሪያው የተዘጋጀው በሁለቱም ቢሮዎች አስተሪስክ በሚባለው የስልክ ማዕከል ሶፍትዌር ላይ የተሠራው ፍሪፒቢኤክስ እንዳለ ታሳቢ በማድረግ ነው። የእርስዎ ፒቢኤክስ ከሌላ አምራች ቢሆንም በሲፕ (ስልኮችና ፒቢኤክሶች በኔትወርክ ጥሪ ለማገናኘት በሚጠቀሙበት የጋራ ደንብ) የሚሠራ እስከሆነ ድረስ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የገጾቹና የአዝራሮቹ ስም ነው። አሮጌ አናሎግ ፒቢኤክስ ያለዎት ከሆነ እስከ አራተኛው ደረጃ ድረስ ያለውን ካነበቡ በኋላ ወደ መጨረሻው ክፍል ይሂዱ።

በምሳሌነት የምጠቀምባቸው አድራሻዎችና ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። የአዲስ አበባው ቢሮ ኔትወርክ 192.168.10.0፣ ፒቢኤክሱ 192.168.10.5፣ ኤክስቴንሽኖቹ ከ101 እስከ 160 ናቸው። የሐዋሳው ኔትወርክ 192.168.30.0፣ ፒቢኤክሱ 192.168.30.5፣ ኤክስቴንሽኖቹ ከ301 እስከ 318 ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• በሁለቱም ፒቢኤክሶች የአስተዳዳሪ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል። የአንዱ ብቻ ካለዎት ሥራውን አይጀምሩ፤ እያንዳንዱ ማስተካከያ በሌላው ወገን አቻ አለው።
• በሁለቱም ቢሮዎች ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ ቢሮዎቹን የሚያገናኝ የተመሰጠረ የግል መንገድ) መሥራት የሚችል ራውተር፣ ወይም ከቴሌኮም አቅራቢው የተከራዩት ቢሮዎቹን የሚያገናኝ የግል መስመር።
• ቪፒኤን የሚሠሩ ከሆነ ቢያንስ በአንደኛው ቢሮ የማይለዋወጥ የሕዝብ አይፒ አድራሻ።
• የሁለቱም ቢሮዎች ወቅታዊ የኤክስቴንሽን ዝርዝር።
• በእያንዳንዱ ቢሮ ለሙከራ የሚሆን አንድ የአይፒ ስልክ፣ እንዲሁም በሌላው ጫፍ ስልኩን የሚያነሳ ሰው።
• ለፒቢኤክሱ ብቻ ሳይሆን ለራውተሩና ለስዊቹም ጭምር የሚበቃ ዩፒኤስ። መብራት ሲጠፋ ፒቢኤክሱ እየሠራ ራውተሩ ከጠፋ ግንኙነቱ መቋረጡ አይቀርም።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የሁለቱንም ፒቢኤክሶች ባክአፕ ወስደው ከማሽኖቹ ውጭ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ።

1. የቁጥር ዕቅዱን ያስተካክሉ

ፒቢኤክስ ጥሪውን ወዴት እንደሚልክ የሚወስነው በተደወሉት አሃዞች ብቻ ነው። በሁለቱም ቢሮ 101 የሚባል ኤክስቴንሽን ካለ፣ ከአዲስ አበባ 101 የደወለ ሰው የሚያገኘው ሁልጊዜ የአዲስ አበባውን 101 ነው፤ የሐዋሳውን በዚህ ቁጥር ሊያገኘው የሚችልበት መንገድ የለም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአነስተኛውን ቢሮ ቁጥሮች መለወጥ ነው። ሁለተኛው ቁጥሮቹን ሳይነኩ ከፊታቸው መለያ አሃዝ መጨመር ነው፤ ለምሳሌ የሐዋሳውን 101 ለማግኘት 8101 ይደወላል፣ ፒቢኤክሱም 8ቱን ቆርጦ 101ን ይልካል። ሁለተኛው ቀላል ስለሚመስል ብዙዎች ይመርጡታል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን እመክራለሁ። ከሐዋሳ 101 ሲደወልልዎት በስልክዎ ላይ የሚታየው 101 ስለሆነ፣ ያመለጠ ጥሪን ከዝርዝሩ መርጠው መልሰው ሲደውሉ የሚጠራው የራስዎ ቢሮ 101 ይሆናል። በአንድ ድርጅት ይህንኑ ሠርቼ በማግሥቱ ከዋናው ቢሮ የጥበቃ ክፍል «ማነው ቀኑን ሙሉ እየደወለ ሥራ አስኪያጁን የሚጠይቀኝ?» የሚል አቤቱታ ደረሰኝ። በሐዋሳ 101 ሥራ አስኪያጁ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ 101 የበሩ ስልክ ነበር።

አዲስ ቁጥር ሲመርጡ በ9 እና በ0 የሚጀምሩትን ይተዉ። 9 በብዙ ቢሮዎች የውጭ መስመር መያዣ ነው፤ እንደ ፖሊስ 991 ያሉ የአደጋ ጊዜ ቁጥሮችም በ9 ይጀምራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍሪፒቢኤክስ የነበረን ኤክስቴንሽን ቁጥር በቀጥታ ለመለወጥ አይፈቅድም፤ አዲስ ከፍቶ አሮጌውን መሰረዝ ያስፈልጋል። አሮጌው ሲሰረዝ የድምፅ መልእክት ሳጥኑም አብሮ ይሄዳል፣ ቁጥሩ የገባባቸው የሪንግ ግሩፕ (በአንድ ቁጥር የሚጠሩ የስልኮች ስብስብ) እና የአውቶማቲክ መልስ ሰጪ ምርጫዎችም ባዶ ይቀራሉ። ስለዚህ ሥራውን ከሥራ ሰዓት ውጭ ያድርጉት፤ በኦፕሬተሯ ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን የቁጥር ዝርዝርም በዚያው ዕለት በአዲስ ይተኩ። ያ ወረቀት ካልተለወጠ ዕቅዱ አልተለወጠም ማለት ነው።

2. የሁለቱን ቢሮዎች የኔትወርክ አድራሻ ይለዩ

አብዛኞቹ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1 ወይም 192.168.0 የሚል አድራሻ ይዘው ስለሚመጡ ሁለቱም ቢሮዎች አንድ ዓይነት አድራሻ ሊኖራቸው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ፒቢኤክሱ የሌላውን ቢሮ አድራሻ እዚያው በራሱ ክፍል ውስጥ ይፈልገዋል፤ ጥሪውም ወደ ቪፒኤኑ ሳይደርስ ይቀራል። ያነሰ መሣሪያ ያለበትን ቢሮ አድራሻ ይለውጡ። በምሳሌው ኤክስቴንሽኑ በ1 ለሚጀምረው ቢሮ 10፣ በ3 ለሚጀምረው 30 የተሰጠው ለማስታወስ እንዲያመች ነው። ለሁለቱም ፒቢኤክሶች ቋሚ አይፒ መስጠትዎን አይርሱ።

3. በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ቪፒኤን ይዘርጉ

ዋየርጋርድ ወይም አይፒሴክ የሚባሉትን የቪፒኤን ዓይነቶች የሚችል ራውተር ካለዎት ቪፒኤኑን በራውተሩ ላይ ይሥሩ። ዋየርጋርድ በተለምዶ የሚጠቀመው የዩዲፒ ፖርት 51820 ነው፤ ቋሚ አይፒ ባለው ቢሮ ራውተር ላይ ይህ ብቻ እንዲከፈት ያድርጉ። ቋሚ አይፒ በሌለው ቢሮ በኩል ደግሞ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለውን 25 ሰከንድ ያድርጉት። ይህ ካልተደረገ ለተወሰነ ጊዜ ጥሪ ሳይኖር ሲቀር በመካከል ያለው ኔትወርክ መንገዱን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚደረገው የመጀመሪያ ጥሪ አይገባም።

ቪፒኤኑ እንደተነሳ ከአንዱ ፒቢኤክስ ወደ ሌላው፣ በሁለቱም አቅጣጫ ፒንግ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ የሚለካ ሙከራ) ያድርጉ፤ ለጥቂት ደቂቃም እንዲቀጥል ይተዉት። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ነው፤ ፒንግ የሚያሳየው የደርሶ መልስ ጊዜ በመሆኑ ንባቡ ከ300 መብለጥ የለበትም። የሚጠፋ ፓኬት ካለ ግን መዘግየቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ድምፁ ይቆራረጣል። ፒንጉ ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ፤ በኔትወርክ ያለ ችግር በፒቢኤክስ ማስተካከያ አይድንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪፒኤኑን ትተው የፒቢኤክሱን 5060 ፖርት (ሲፕ የሚጠቀምበትን በር) በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አይክፈቱ። ክፍት 5060 የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት ኢንተርኔቱን ያስሳሉ፤ ደካማ የይለፍ ቃል ያለው አንድ ኤክስቴንሽን ካገኙ በእርስዎ መስመር ወደ ውጭ አገር ይደውላሉ፤ ሒሳቡ የሚመጣው ለእርስዎ ነው።

4. መስመሩ ስንት ጥሪ እንደሚችል ያስሉ

ጂ 711 በሚባለው ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚለውጥ ስልት) አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ ዋየርጋርድ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን ስለሚጨምር ወደ 110 ይጠጋል። ጂ 729 በዚያው ቪፒኤን ውስጥ ወደ 55 ብቻ ይወስዳል፤ የድምፁ ጥራት ግን ትንሽ ይቀንሳል። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲነጋገር ከፈለጉ በጂ 711 ወደ 550 ኪሎቢት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሲያሰሉ የማውረጃውን ሳይሆን የመላኪያውን ፍጥነት ይያዙ፤ በብዙ የኢንተርኔት ጥቅሎች አነስተኛው እሱ ነው። ራውተሩ ቅድሚያ መስጠት የሚችል ከሆነ ድምፅ ከፋይል መላክ እንዲቀድም ያድርጉ።

5. ፒቢኤክሶቹን እርስ በርስ ያስተዋውቁ

በሁለቱም ፒቢኤክሶች «አስተሪስክ ሲፕ ሴቲንግስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። «ሎካል ኔትወርክስ» በሚለው ሥር የራስዎ ቢሮ ኔትወርክ ተመዝግቦ ያገኙታል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሌላውን ቢሮ ኔትወርክ ይጨምሩ። በአዲስ አበባው ላይ 192.168.30.0ን፣ በሐዋሳው ላይ 192.168.10.0ን መጨመር ማለት ነው፤ የሁለቱም ማስክ (የኔትወርኩን ስፋት የሚያሳየው ቁጥር) 24 ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ደረጃ ነው። ፒቢኤክሱ የሌላውን ቢሮ አድራሻ እንደ ውስጥ አድራሻ ካላወቀው ጥሪው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ ይመስለውና «ድምፁን ወደዚህ ላክልኝ» ሲል የሕዝብ አይፒውን ይሰጣል። ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ድምፁ ግን በአንድ ወገን ብቻ ይሰማል፤ አንዳንዴም በሁለቱም አይሰማም።

በዚሁ ገጽ የኮዴኮቹ ምርጫ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያም በፒቢኤክሱ ፋየርዎል ውስጥ የሌላውን ቢሮ ኔትወርክ ከታመኑት መካከል ያስገቡ፤ ይህ ካልተደረገ ፋየርዎሉ የሌላውን ፒቢኤክስ እንደ ሰርጎ ገብ ቆጥሮ ሊያግደው ይችላል።

6. ትራንኩን ይክፈቱ

በ«ኮኔክቲቪቲ» ሥር «ትራንክስ» የሚለውን ገጽ ከፍተው አዲስ የፒጄሲፕ ትራንክ ይጨምሩ። ፒጄሲፕ በአስተሪስክ ውስጥ ሲፕን የሚያስኬደው አዲሱ ክፍል ነው፤ አሮጌው ቻን ሲፕ ከአስተሪስክ 21 ጀምሮ ስለተወገደ ዛሬ አዲስ ሥራ በእሱ መጀመር አያዋጣም። በአዲስ አበባው ፒቢኤክስ ላይ የሚሞላው ይህ ነው፦

• የትራንኩ ስም፦ ያለ ክፍት ቦታ፣ ለምሳሌ ሐዋሳ የሚለውን በላቲን ፊደል።
• «ኦተንቲኬሽን» እና «ሬጂስትሬሽን»፦ ሁለቱንም «ነን»። በቪፒኤን ውስጥ ሁለቱም አድራሻዎች ቋሚ ስለሆኑ ፒቢኤክሶቹ በአይፒ ይተዋወቃሉ።
• «ሲፕ ሰርቨር»፦ 192.168.30.5፤ ፖርቱ 5060።
• «ዳይሬክት ሚዲያ»፦ «ኖ»። ድምፁ በፒቢኤክሶቹ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል፤ አለበለዚያ የስልክ ቀፎዎቹ እርስ በርስ በቀጥታ መላላክ ይጀምሩና መንገድ የሌለው ቀፎ ድምፅ ያጣል።
• «ማክሲመም ቻነልስ»፦ መስመሩ ይችላል ብለው በአራተኛው ደረጃ ካሰሉት የጥሪ ብዛት ግማሹ። ይህ ገደብ የሚቆጥረው የሚወጡ ጥሪዎችን ብቻ እንጂ የሚገቡትን ስላልሆነ፣ ሙሉውን በሁለቱም ወገን ከጻፉ መስመሩ ከሚችለው እጥፍ ጥሪ ሊገባበት ይችላል። ያሰሉት ቁጥር ጎደሎ ከሆነ ለሚበዛ ደዋይ ወገን አንዱን ይጨምሩ።
• «ኮንቴክስት»፦ ከዚህ በታች ይመልከቱ።

በሐዋሳው ላይ ሲፕ ሰርቨሩን 192.168.10.5 አድርገው ያንኑ ይድገሙ።

7. የሚገባው ጥሪ የት ድረስ እንዲደርስ ይወስኑ

«ኮንቴክስት» የሚለው ሳጥን በትራንኩ የሚመጣ ጥሪ በፒቢኤክሱ ውስጥ ምን ማግኘት እንደሚችል ይወስናል። ሲከፈት የሚገኘው «ፍሮም ፒኤስቲኤን» የሚለው ሲሆን ጥሪውን ከውጭ እንደመጣ ቆጥሮ በኢንባውንድ ራውት (ከውጭ ለሚገቡ ጥሪዎች በተሠሩት መንገዶች) ውስጥ ይፈልገዋል፤ እዚያ 301 የሚባል ስለሌለ «አገልግሎት ላይ አይደለም» የሚለው መልስ ይመጣል። በመግቢያዬ ላይ ያነሣሁት ጥያቄ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

በየቦታው የሚሰጠው ምክር «ፍሮም ኢንተርናል» ብላችሁ ለውጡት የሚል ነው። እውነት ነው፣ ወዲያው ይሠራል፤ ነገር ግን የሌላውን ቢሮ ሰው ሁሉ እንደ ራስዎ ሠራተኛ ስለሚቆጥረው በእርስዎ የውጭ መስመር እንዲደውልም ይፈቅድለታል። ስለዚህ በእሱ ፋንታ «ፍሮም ዲአይዲ ዳይሬክት» የሚለውን፣ ቃላቱን በላቲን ትንንሽ ፊደል በሰረዝ አያይዘው ይጻፉ። ይህ ኤክስቴንሽኖችን ብቻ ይከፍታል። ሪንግ ግሩፕን ግን እንደማያካትት ይወቁ፤ ከሐዋሳ የሒሳብ ክፍሉን ሪንግ ግሩፕ ለመጥራት ቢሞከር አይገኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ጥንቃቄ የወጪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሠረተ ልማትን አልፎ ጥሪ ማስተላለፍን ስለሚከለክል፣ በቪፒኤኑ የመጣ ጥሪ በሌላው ቢሮ በኩል ወደ ሕዝብ የስልክ መስመር እንዳይወጣ ያድርጉ። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ከቴሌኮም አቅራቢዎ ጋር ስለ ግንኙነቱ ዓይነት ይነጋገሩ።

8. የወጪ መንገዱን ይሥሩ

«አውትባውንድ ራውትስ» ውስጥ አዲስ መንገድ ይጨምሩ። «ራውት ታይፕ» በሚለው ላይ «ኢንትራ ካምፓኒ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ በዚህ ምክንያት በተቀባዩ ስልክ ላይ የደዋዩ ኤክስቴንሽን ይታያል እንጂ የድርጅቱ የውጭ ቁጥር አይታይም። በትራንክ ዝርዝሩ ውስጥ የሐዋሳውን ትራንክ ብቻ ያስገቡ። «ዳያል ፓተርንስ» በሚለው ውስጥ በ«ማች ፓተርን» ሳጥን 3 ጽፈው ሁለት ጊዜ የላቲኑን ኤክስ ፊደል ያስከትሉ፤ ኤክስ ማለት ማንኛውም አሃዝ ማለት ነው። መለያ አሃዝ ለመጠቀም ከወሰኑ 8ን በ«ፕሪፊክስ» ሳጥን ያስገቡት፤ ከመላኩ በፊት ይቆረጣል።

መንገዱን በዝርዝሩ ውስጥ ከሌሎቹ በላይ ያድርጉት። ፒቢኤክሱ ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ፣ ማንኛውንም ቁጥር የሚቀበል የውጭ መንገድ ቀድሞ ካለ 301ን ወደ ሕዝብ መስመር ይልከዋል። በሐዋሳው ላይ በ1 የሚጀምር ተመሳሳይ መንገድ ሠርተው በሁለቱም «አፕላይ ኮንፊግ» የሚለውን ቀይ አዝራር ይጫኑ። ካልተጫነ የጻፉት ሁሉ ተቀምጦ ይቆያል እንጂ ሥራ ላይ አይውልም።

9. በቅደም ተከተል ይፈትሹ

በመጀመሪያ በየቢሮው ውስጥ ኮከብ 43 ደውለው የራስዎን ድምፅ ይስሙ፤ ይህ ቀፎውና የራስዎ ፒቢኤክስ ደህና መሆናቸውን ያረጋግጣል። ቀጥሎ ከ101 ወደ 301፣ ከዚያም ከ301 ወደ 101 ይደውሉ። በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይነጋገሩ፤ ሲያነሱት ሰላም ብቻ ተባብለው ከዘጉት ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚቋረጥ ጥሪ መኖሩን አያውቁም። ጥሪውን ሆልድ አድርገው መልሰው ያንሱት፣ ወደ ሌላ ሠራተኛም ያስተላልፉት። በመጨረሻም የሌለ ቁጥር፣ ለምሳሌ 399፣ ደውለው ወዲያው መልስ መምጣቱን ይመልከቱ፤ ጥሪው በሁለቱ ፒቢኤክሶች መካከል እየተመላለሰ ከቆየ ወይ ኮንቴክስቱ ወይ ከመንገዶቹ አንዱ ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ በመጀመሪያ አምስተኛውን ደረጃ እንደገና ይመልከቱ። እሱ ደህና ከሆነ በራውተሮቹ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን ያጥፉ። ጥሪን ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ቢሆንም በመልእክቱ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች እየለወጠ የሚያበላሽበት ጊዜ ይበዛል። በአንድ ቅርንጫፍ ግማሽ ቀን ሙሉ ፒቢኤክሱን ስፈትሽ ውዬ ጥፋቱን ያገኘሁት በአንድ የራውተር ገጽ ላይ ምልክት ተደርጎበት በነበረ ትንሽ ሳጥን ነው። የፒቢኤክሶቹ ፋየርዎል ከ10000 እስከ 20000 ያሉትን የዩዲፒ ፖርቶች በቪፒኤኑ በኩል እንደሚያሳልፍም ያረጋግጡ፤ ድምፁ የሚሄደው በ5060 ሳይሆን በእነዚህ ነው።

301 ከተደወለ በኋላ ስልኩ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ካለ ጥፋቱ የቀፎው ነው፤ በቀፎው የመደወያ ሕግ ውስጥ በ3 የሚጀምር ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ስለማያውቅ ተጨማሪ አሃዝ እየጠበቀ ነው።

«ቪፒኤኑ ሲቋረጥ በሌላ በኩል ይውጣ» በሚል ሐሳብ የቴሌኮሙን ትራንክ በሐዋሳው መንገድ ውስጥ ሁለተኛ አድርገው የሚያስገቡ አሉ። የሕዝብ መስመሩ 301ን የሐዋሳ ኤክስቴንሽን መሆኑን ስለማያውቅ ይህ ምንም አይጠቅምም።

ከውጭ የሚደውል ደንበኛ የአዲስ አበባውን አውቶማቲክ መልስ ሰጪ ሰምቶ 301 ቢነካ አይገባለትም፤ መልስ ሰጪው በቀጥታ የሚያውቀው የራሱን ኤክስቴንሽኖች ብቻ ነው። ለሚፈለጉት ጥቂት ሰዎች በ«ሚስሌኒየስ ዴስቲኔሽን» እየመዘገቡ በመልስ ሰጪው ምርጫዎች ውስጥ ያስገቧቸው። ይህንን ሲያደርጉ የሰባተኛውን ደረጃ ማስጠንቀቂያ ያስታውሱ፤ ጥሪው ከሕዝብ መስመር ወደ ቪፒኤኑ የሚሻገር ስለሆነ አስቀድሞ ከአቅራቢው ጋር መነጋገር ይገባል።

አንደኛው ወገን አሮጌ አናሎግ ፒቢኤክስ ከሆነ

በዚህ ጊዜ በአናሎጉ በኩል ጌትዌይ የሚባል መሣሪያ ይጨመራል። የጌትዌዩ ኤፍኤክስኤስ ፖርት የመስመር ድምፅ ስለሚሰጥ በአሮጌው ፒቢኤክስ የውጭ መስመር መግቢያ ላይ ይሰካል፤ ሠራተኛው ያንን መስመር ይዞ የሌላውን ቢሮ ኤክስቴንሽን ይደውላል። ኤፍኤክስኦ ፖርቱ ግን እንደ ቀፎ ስለሚሠራ የሚሰካው በፒቢኤክሱ የኤክስቴንሽን መውጫ ላይ ነው፤ ከሌላው ቢሮ ጥሪ ሲመጣ መስመሩን አንሥቶ ኤክስቴንሽኑን ራሱ ይደውላል። ሁለቱን ማለዋወጥ የተለመደ ስህተት ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ለመደዋወል ሁለቱም ዓይነት ፖርት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ፖርት በአንድ ጊዜ የሚይዘውም አንድ ጥሪ ብቻ ነው።

በኤፍኤክስኦው ላይ የቢዚ ድምፅ መለያውን ከአሮጌው ፒቢኤክስ ድምፅ ጋር ያስማሙ። አናሎጉ ጥሪው ማለቁን በአብዛኛው የሚያሳውቀው በዚያ ድምፅ ስለሆነ፣ ጌትዌዩ ካልለየው ሁለቱ ሰዎች ከዘጉ በኋላም መስመሩ እንደተያዘ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ደዋይ ጌትዌዩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ አይገባም።